ግራ እጄን ያሰረው ክር

ባለፈው ቅዳሜ ከገንዳ ውሃ ገበያ ስመለስ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ደረሰና የወጣቶች አዳራሽ በር ላይ ካለው አግዳሚ አረፍ አልሁ። ውስጥ ልጆች ጠረጴዛ ቴኒስ ይለማመዳሉ። አሰልጣኛቸው የቤት ምሰሶ የሚያህል ጎረምሳ ነው፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ኳስ አጠገቡ አስቀምጦ «ሰርቭ! መጀመሪያ ሰርቫችሁን አሻሽሉ! ጨዋታውን የሚከፍተው ምት ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው!» እያለ ይጮኻል። አንድ ባልዲ ሙሉ! እኔ በእነሱ ዕድሜ ያየኋቸው ኳሶች ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ ጣሳ አይሞሉም ነበር። አንደኛው ልጅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አንዷን ረገጣትና ጧ አለች። ስባሪዋ እየተንከባለለች እግሬ ስር መጣች፤ አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ልጆቹ «አሮጊቷ ኳስ ልትበላ ነው» ብለው ተሳሳቁ። ይሳቁ። ያ ሽታ፣ ሣጥን ውስጥ ልብስ ከብል የሚጠብቀውን ነጭ እንክብል የሚመስለው ሽታ፣ ክንዴን ይዞ መተማ ሐጂ እድሪስ ግቢ አድርሶኝ ነበር።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ጣሊያን መተማ ላይ ባንዲራውን የሰቀለበት፣ እንግሊዝ ደግሞ ከደረቁ ጅረት ማዶ ጋላባት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ ነው። ማን ማንን እንደገዛ የሚጽፉ ሞልተዋል፤ ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ሳሙና በሁለት ጉርሽ፣ በሱዳን ሳንቲም፣ እንደነበረ ነው። የጣሊያንን የወረቀት ገንዘብ ባላገር አይቀበልም፤ ጠገራ ብሩን በጥርሱ ነክሶ ካላየ ሰሊጡን ከአህያው ላይ አያወርድም። ከሐጂ ሱቅ ማዕዘን ላይ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ዘርግቶ አጠገቡ ሸክላ ያጫውታል። ያለው ሸክላ አንድ ብቻ ነው፤ የሱዳን ዘፈን። እሱም መካከሉ ላይ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ አንዱን ቃል እየደጋገመ፣ ሰፊው ተነስቶ መርፌውን በጣቱ ካልገፋለት በቀር ወደ ፊት አይሄድም። ከተማው ሁሉ ያን ዘፈን ሲያንጎራጉር ቦታው ላይ ሲደርስ አብሮ ይደጋግም ነበር። ዛሬም ሳላስበው ልብስ ሳጥብ እዚያው ቦታ ላይ እንቅ እላለሁ። የልጅ ልጆቼ እማማ ጃጀች ይሉኛል።

እኔ ያኔ ሰሊጥ አበጣሪ ነበርሁ። አባቴ ሲሞት ከእናቴ ጋር ከጭልጋ ወደ ቆላው ወርደን ሥራ ያገኘነው ሐጂ ግቢ ነው። ሐጂ እድሪስ ከገበሬው ሰሊጥ እየሰበሰቡ በግመል ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ። ሰፊው ግቢያቸው ውስጥ፣ ራኩባ በምንለው በሣር በተከደነ ዳስ ስር፣ አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች ሰፌዳችንን ይዘን ቀኑን ሙሉ እናበጥራለን። ሰሊጥ ማበጠር የክንድ ሥራ አይደለም። ክንድ ዝም ይላል፤ አንጓ ብቻ ሸርተት፣ ሸርተት ይላል፤ ገለባው ወደ ጫፍ፣ ፍሬው ወደ ራስ ይመጣል። ክንዱን ያወዛወዘ ሰው ሰሊጡን ከነገለባው መሬት ላይ ይለቅመዋል። ከእኔ ሰፌድ ላይ አንዲት ፍሬ መሬት አትወርድም ነበር። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው።

አንድ በጋ ሐጂ ካርቱም ደርሰው ሲመለሱ ከስኳርና ከጨርቁ ጋር ሦስት ነጫጭ ኳሶች ይዘው መጡ። ወዳጃቸው ቤት ይህን ጨዋታ አይተው ልባቸው ተሰርቆ ነው። ጠረጴዛውን አናጢው ከሁለት የመጋዘን መዝጊያ ገጥሞ ሠራው፤ ማጠፊያው ከነበረበት ቦታ ላይ የነጠረች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም። መረቡ ከአሮጌ አጎበር ተቀደደ። መምቻዎቹ ከሳሙና ሣጥን ጣውላ ተጠርበው የፍየል ቆዳ ለበሱ። ኳስ ስትጎደጉድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነከራለች፤ ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ ግቢውን የሚሞላው፤ ቀስ በቀስም ተነፍታ ወደ ክብነቷ ትመለሳለች። ስትሰነጠቅ በግራር ሙጫ ትጠገናለች። የተጠገነችው ግን እንደ አንካሳ ዶሮ እየዘለለች ስለምትሄድ ለጀማሪ ነበር የምትሰጠው።

መጀመሪያ የሚጫወቱት ወንዶቹ ነበሩ፤ አስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። ሐዋ ግን፣ የሐጂ ልጅ፣ እኩያዬ፣ ወንዶቹ ጠዋት ሰሊጥ ሊያስመዝኑ ወደ ሚዛኑ ሲሄዱ መምቻ አንስታ «ነይ» አለችኝ። ቶቧን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የምትጠቀለልበትን ጨርቅ፣ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የምትጫወት፣ ስትሸነፍ የምትሳደብ፣ ስታሸንፍ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። በሁለት ወር ውስጥ የሐጂን ግመል ጫኞች ሁሉ ማሸነፍ ጀመርን። ሐጂ አንድ ማታ ቆመው አዩንና ጢማቸውን እየዳበሱ «ተማም! ሴቶቹም ይጫወቱ» አሉ። በዚህ አለቀ።

አሁን ነገሩን የምትረዱት አንድ ልማዳችንን ካስታወሳችሁ ነው። ለትልቅ ሰው የሆነ ነገር ስንሰጥ፣ ውሃም ይሁን መርፌ፣ ቀኝ ክንዳችንን በግራ እጃችን ከክርኑ ስር ደገፍ አድርገን ጎንበስ እንላለን። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፤ ጥርስ ሳናወጣ ነው የምናውቀው። ታዲያ ሐጂ ግቢ ሰው ሁሉ ለትልቅ ሰው ሰርቭ ሲመታ ይህንኑ ያደርግ ነበር። ኳሷን በግራ እጁ ወደ ላይ ወርወር ያደርጋል፤ ኳሷ አየር ላይ ሳለች ግራ እጁ ሮጦ ክርኑ ስር ይገባል፤ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ ይመታል። እንዲህ የተመታች ኳስ ቀስ ብላ፣ ከፍ ብላ፣ «ይምቱኝ» እያለች ትሄዳለች። ሐጂም ይመቷታል። ሐጂ እድሪስ ሁለት ዓመት ሙሉ በማንም አልተሸነፉም። ጎበዝ ተጫዋች ስለሆኑ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እኛም እናምን ነበር። ሐዋን እኔ በሰርቭ ብቻ አስለቅሳታለሁ፤ ሐጂ ፊት ስቆም ግን አንድ ሕፃን የመታት የምትመስል ኳስ ነበር ከእጄ የምትወጣው። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አያ ተሰማ መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደገኛ ቆላን እንዴት እንደሚፈራ ታውቃላችሁ፤ ንዳድ እንዳይዛቸው ነጭ ሽንኩርት በወፍራም የጥጥ ክር ሰክተው አንገታቸው ላይ አስረው፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነው የደረሱት። ግቢው በሩቁ ነበር መምጣታቸውን ያወቀው። ቁጭ ከማለታቸው ነገሩን ተናገሩ።

«የሻረግን ልወስዳት ነው የመጣሁ። ሁለት ጥማድ በሬ ላለው ሰው ቃል ሰጥቻለሁ።»

እናቴ ታላቅ ወንድሟ ፊት ቃል አይወጣትም፤ መሬት መሬት አየች። እኔ ደግሞ ሰውየውን አላውቀውም። ክፉ ነው አልልም፤ በሬዎቹም ደህና በሬዎች ይሆናሉ። ግን እኔ ቆላውን ወድጄው ነበር። በራሴ እጅ ሠርቼ የገዛሁት አቡጀዲ ቀሚስ ነበረኝ፤ ሐዋ ነበረችኝ፤ ማታ ማታ ጠረጴዛው ነበረኝ። ያን ለቅቄ የማላውቀውን ሰው እሳት ላነድድ? በዚያው ሳምንት የጓንግ ወንዝ ሞላና መንገዱን ዘጋው። አያ ተሰማ ወንዙ እስኪጎድል መተማ ሊቆዩ ግድ ሆነባቸው። እኔ ለጓንግ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም።

ሥራ ፈት ሆነው ራኩባው ስር ሲቀመጡ ጨዋታውን አዩ። በመጀመሪያው ቀን «ትልልቅ ሰዎች በእንቁላል ይጫወታሉ?» ብለው ተሳለቁ። በሁለተኛው ቀን ወንበራቸውን አስጠጉ። በሦስተኛው ቀን መምቻ ያዙ። በሳምንቱ ጫኞቹን በሙሉ አሸነፉ፤ ምክንያቱም ሁሉም ክርኑን ደግፎ ጎንበስ ይልላቸዋል። ሐጂንም አሸነፏቸው ከምንል ሐጂ ተሸነፉላቸው ብንል ይሻላል፤ እንግዳ ቤታቸው መጥቶ እንዴት ይሸነፋል? አያ ተሰማ በደስታ ሽንኩርታቸው ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ «ይኼ ጨዋታ እስካሁን የት ነበር?» ይሉ ነበር። ማታ ለእናቴ ምቱን በባዶ እጃቸው እያሳዩ ሲያወሩላት እራታቸው ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ሐጂን ሁለተኛ ጊዜ አሸንፈው መምቻውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉና ዙሪያውን አዩ።

«በዚህ ከተማ እኔን የሚረታ አለ?» አሉ። «ካለ ይምጣ! የጠየቀኝን አደርግለታለሁ።»

ሐጂ ዓይናቸው ብልጭ አለ። ነጋዴ ናቸው፤ የተከፈተ በር አያልፉም።

«ቃል ነው?» አሉ።

«ቃል ነው፤ ሐጂ።»

«እንግዲያው የሻረግ ትግጠምዎ። ካሸነፈች እዚሁ ትቅር።»

አያ ተሰማ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ሳቃቸው ቀነሰ፤ ቃል ደግሞ ወጥቷል። «እሺ» አሉ። «መንገዱ ሲከፈት፣ በጉዞዬ ዋዜማ። ከተሸነፈች ግን በማግስቱ ያለ ለቅሶ ትከተለኛለች።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሐጂ ራሳቸው ፈተኑኝ። ለእሳቸው ሰርቭ ምቺ አሉኝ፤ መታሁ፤ ኳሷ እንደለመደችው ተንሳፈፈች። ሐዋ ጎኔ ቆማ ታየኝ ነበር። ድንገት ጮኸች።

«እጅሽ! ግራ እጅሽ! አባ፣ እዩት እስኪ፣ ክርኗን ይዛዋለች እኮ!»

ሁላችንም ግራ እጄን አየነው። እዚያው ክርኔ ስር ነበር፤ እንደ ሌባ ተይዞ። ሐጂ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ ወደ ጫኞቹ ዞር አሉ፤ ጫኞቹ ሁሉ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። «ያላህ...» አሉ ሐጂ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሐጂ ጨዋታ ድሮ እንደነበረው አልሆነም።

አሥራ ሁለት ቀን ነበረን። ሐዋ እንደዛሬው አሰልጣኝ ባልዲ ሙሉ ኳስ አልነበራትም፤ ጭንቅላት ግን ነበራት። ጠዋት ጠዋት ወንዶቹ ሚዛን ላይ ሳሉ ትጀምረኛለች። መጀመሪያ ያለ መምቻ፤ ኳሷን ወርውሬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባስቀመጠችው ጣሳ ውስጥ እንድትመለስ ማድረግ ነበረብኝ። ውርወራ ካልቀና ምት አይቀናም ትላለች፤ ኳሷ ሃምሳ ጊዜ ጣሳ ውስጥ ሳትገባ መምቻ አይሰጠኝም። ከዚያ ከማዶ ያለውን የጠረጴዛ ግማሽ የማሽላ ዱቄት በወንፊት ስስ አድርጋ ትነፋበታለች። ሰርቭ ስመታ ኳሷ የነካችበት ቦታ ዱቄቱ ላይ ነጥብ ይቀራል። ነጥቦቹ መካከል ላይ ከተሰበሰቡ ትሰድበኛለች፤ ጥግና ጥግ ላይ ካረፉ ትዘፍናለች። ሲያልቅ ዶሮዎቹ ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ዱቄቱን ይለቅማሉ። ዶሮዎቹ ሥልጠናውን ከእኔ በላይ ወደዱት።

ለግራ እጄ ደግሞ ክር አበጀች። አንዱን ጫፍ አንጓዬ ላይ፣ ሌላውን መቀነቴ ላይ አሰረችው፤ ኳስ ለመወርወር ይበቃል፣ ክርኔ ጋ ግን አይደርስም። በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ እጄ ወደ ክርኔ ይሄዳል፤ ክሩ ይይዘዋል። ምቱን ራሱን ያገኘሁት ግን በአምስተኛው ቀን ሰሊጥ ሳበጥር ነው። ሰፌዱን ሸርተት ሳደርግ ቆም አልሁ። ክንድ ዝም፣ አንጓ ብቻ። ሰፌዱን ጥዬ ሮጥሁ። ኳሷን ከመምታት ይልቅ በመምቻው ከጎን ሸርተት አድርጌ ዳበስኋት። መረቡን አልፋ ዱቄቱ ላይ አረፈች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ መሄድ ሲገባት ወደ ግራ ታጠፈች። ሐዋ መምቻዋን ባዶ አየር ላይ አወዛወዘችና ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ሰሊጥ ነው» አልኋት።

እንዲያ ስቀን አናውቅም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያቺኑ ምት ደጋገምናት፤ ከአሥር ሰባቷን ሐዋ አትነካትም ነበር። ግን እያንዳንዷን የምመታው በክር ታስሬ ነው፤ ለግጥሚያው ደግሞ እንዴት ታስሬ እቀርባለሁ? አጎቴን ገና ከመጀመሬ እንደሰደብኋቸው ነው የሚቆጠረው። ሐዋ «እጅሽ እስከዚያ ይለምዳል» አለች። እኔም አመንሁ።

መንገዱ ተከፈተ። ከጓንግ የመጡ ባለ ግመሎች ውሃው ጎድሎ ጉልበት ላይ ደርሷል አሉ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ሞላ፤ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሸክላውን አቁሞ መጣ። እናቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን ነክሳለች። ጨዋታው እስከ ሃያ አንድ ነው፤ ከሦስት ሁለቱን ያሸነፈ ያሸንፋል፤ ሰርቭ በየአምስቱ ይቀያየራል። ተራዬ ደረሰ። ኳሷን ወረወርሁ። ቀና ብዬ አያ ተሰማን አየኋቸው፤ ሕፃን ሳለሁ አዝለው ወንዝ ያሻገሩኝ አያ ተሰማ። ግራ እጄ ሳልጠራው ሮጦ ክርኔ ስር ገባ፤ ወገቤም ጎንበስ አለ። ኳሷ ተንሳፈፈች። መቷት። ሁለተኛዋም እንዲያው። ሐዋ ከጎን «እጅሽ!» እያለች በሹክሹክታ ትጮኻለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ እጄ ነው የማያውቀው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሃያ አንድ ለዘጠኝ ተሸነፍሁ። ልቤ ጭልጋ ደርሶ ሁለቱን ጥማድ በሬ አየ።

ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀመር ሁለት ጊዜ እንዲያው መታሁ፤ ሁለት ጊዜ እንዲያው ሄደች። በሦስተኛው አያ ተሰማ ኳሷን በእጃቸው ያዟትና መምቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የሻረግ!» አሉ።

«አቤት፣ አያ!»

«ማክሰኞ ጠዋት ለሐዋ የመታሽላትን ነው የምፈልገው።»

እኔም ያልገባኝ መሰልሁ። «ምኑን?»

«ያችን የምትታጠፈዋን። ከአጥሩ ኋላ ቆሜ አይቻታለሁ።» ዙሪያውን አዩ፤ ጫኞቹን አንድ በአንድ፣ ሐጂን በመጨረሻ። «እና እኔ በዚህ ግቢ ያሸነፍሁት ሁሉ ክርኑን እየደገፈልኝ ነው?»

ሐጂ ጢማቸውን ማከክ ጀመሩ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ወንድሜ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔንም ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው ያደረጉኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። አያ ተሰማ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው መጡ። «ግራ እጅሽን አውርጂ» አሉ።

«ኧረ ነውር ነው፣ አያ!»

«ነውሩ እኔን እንደ ሕፃን ማባበልሽ ነው። በይ አውርጂው።»

«አይወርድልኝም፣ አያ። እየሞከርሁ ነው። ሐዋ በክር ነበር የምታስረኝ።»

ክሩንም አይተውት ኖሯል። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ያን የነጭ ሽንኩርት ክር ሳቡት። ሽንኩርቶቹን አንድ በአንድ እየፈለቀቁ መሬት ላይ ጣሉ። ቆላ ከወረዱ ጀምሮ ለመኝታ እንኳ ያላወለቁት ክር ነው፤ በእሱ ነበር ነፍሳቸውን የሚጠብቁት። ዝቅ ብለው ግራ አንጓዬን በአንዱ ጫፍ፣ መቀነቴን በሌላው አሰሩ፤ ጠበቅ አድርገው፣ ጥጃ እንደሚታሰር። ዝም ቢሉ ኖሮ በማግስቱ አስከትለውኝ ይሄዱ ነበር፤ ማንም ምንም አይላቸውም ነበር። ይህን ያኔ አላስተዋልሁትም። ያኔ ያስተዋልሁት ሽታውን ብቻ ነው።

«አሁን ምቺ» አሉ።

መታሁ። ኳሷ መረቡን አለፈች፣ ነጠረች፣ ታጠፈች፤ አያ ተሰማ አየሩን መቱት። ሁለተኛውን ጨዋታ ሃያ አንድ ለአሥራ አራት ወሰድሁ። ግን ሞኝ ሰው አልነበሩም። በሦስተኛው ላይ የኳሷን መታጠፍ መገመት ጀመሩ፤ እየተጠጉ፣ እየተጠጉ ሄዱና አሥራ ዘጠኝ እኩል ሆንን። ከዚያ እሳቸው አንዷን ከጠረጴዛው ውጭ አወጧት፤ ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ እኔ መራሁ። ሰርቩም የእኔ ነው። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የዶሮ ድምፅ ብቻ ነበር። ኳሷን ከልክ በላይ ከፍ አድርጌ ወረወርኋትና ያረጀው ክር ተበጠሰ።

እጄ ነፃ ወጣ። ነፃ ወጥቶም የት እንደሄደ ትገምታላችሁ። ክርኔ ስር ገባ፤ እኔም ጎንበስ አልሁ። ሐዋ ዓይኗን ሸፈነች። ነገር ግን ክንዴ ሲደገፍ ዝም አለ፤ አሥራ ሁለት ቀን የሠለጠነው አንጓዬ ደግሞ የራሱን ሥራ ሠራ፤ ሸርተት። ኳሷ በሙሉ ክብር፣ ከነጎንበሱ፣ ሄደች፤ ነጠረች፤ ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ቀጥ ብላ ትንሳፈፋለች ብሎ ሲጠብቅ ወደ ግራ ታጠፈች። አያ ተሰማ አየሩን መትተው በራሳቸው ዙሪያ ዞሩና ጋቢያቸው ወደቀ።

ኳሷን ራሳቸው ሄደው ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል አነሷት። አገላበጡና አዩዋት። ከዚያ መጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ሰው ታከብራለች» አሉ። «ግን የታዘዘችበት አትሄድም።» ሳቃቸው ያን ጊዜ መጣ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ እልል አለች፤ ታላቅ ወንድሟ ፊት ድምፅ ስታሰማ ያን ቀን ነው የሰማኋት።

በማግስቱ ብቻቸውን ሄዱ። አንገታቸው ባዶ ነበር፤ ንዳድም አልያዛቸውም። ለባለ በሬው ሰውዬ በኳስ ተሸንፌ ነው ልጅቷን ያላመጣሁት ብለው እውነቱን ነገሩት፤ ሰውየው የሚያምነው ውሸት ቢነግሩት ይሻል ነበር። በዓመቱ፣ ጓንግ ገና በቅጡ ሳይጎድል፣ ጨው ልገዛ ነው ብለው ወረዱ። ጨው አልገዙም። በየበጋው እንዲያ መጡ፤ በአንዱ ዓመት አሸነፉኝም፤ ጭልጋ አውድማቸው ላይ ሰርቭ ሲለማመዱ ከርመው ኖሯል፤ ያለ ጠረጴዛ፣ ያለ ኳስ፣ በቁርቁራ ፍሬ። በኋላ ከጅረቱ ማዶና ማዶ መድፍ ይጮኽ ጀመርና ሰው ሁሉ ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ሐዋ ወደ ገዳሪፍ ሄደች። ጠረጴዛው የማን ምድጃ ውስጥ እንደገባ አላውቅም። እኔ ግን ከቆላው አልወጣሁም፤ እዚሁ ሠራሁ፣ እዚሁ ወደድሁ፣ እዚሁ ወለድሁ።

ይህን ሁሉ ሳስብ የኳሷን ስባሪ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። አሰልጣኙ መጥቶ «እማማ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎ?» አለኝ። ውሃ አልፈልግም፣ ራኬት አምጣ አልሁት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ምርኩዜን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆምሁ፤ ከማዶ አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ሰርቭ እንድትመታልኝ አቆሙ። ስትለማመድ አይቻት ነበር፤ ኳሷ ታፏጫለች።

ኳሷን ወረወረች። ቀና ብላ ሽበቴን አየች። ግራ እጇ ሮጦ ክርኗ ስር ገባ፤ ጎንበስ አለች። ኳሷ ተንሳፍፋ፣ «ይምቱኝ» እያለች መጣች። አልመታኋትም። በእጄ ያዝኋት።

«ግራ እጅሽን አውርጂ» አልኋት።

«ኧረ ነውር ነው፣ እማማ!»

ከነጠላዬ ዘርፍ አንድ ክር መዘዝሁ፤ ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድሁና ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ግራ አንጓዋን ከቀበቶዋ ጋር አሰርሁላት። አያ ተሰማ ያን ቀን ዝቅ ብለው እጄን ሲያስሩ ፊታቸውን አላየሁትም ነበር፤ አሁን ግን ምን ይመስል እንደነበር አወቅሁት፤ የእኔ ፊት ላይ ነበር። ተመልሼ ቦታዬን ያዝሁ።

«አሁን ምቺ።»

ኳሷ በጆሮዬ አጠገብ አለፈች። ራኬቴን ገና አላነሳሁትም ነበር። ልጅቷ በድንጋጤ አፏን በእጇ ልትይዝ ስትል ክሩ ያዛት።

«ድገሚው» አልኋት።